ፍሪሲዮን ነው ወይስ ካምቢዮ? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍሪሲዮን ነው።

«አንተ ደግሞ፣ አውቶማቲክ ታክሲ እየነዳህ ፍሪሲዮን ምን አገባህ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ያገባኛል። የሹፌርነት እንጀራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ላይ በላዳ ነው። ላዳን ሲነዳ የኖረ ሰው ግማሽ መካኒክ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳይወድ በግዱ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የመኪና ጨዋታ ስለማይጠፋ፣ አሮጌ ማኑዋል መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ ቀስ በቀስ ስልኬን አወቀው።

የሚገርመው የደዋዩ ቁጥር አለመቀነሱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሜሪካኖች ማኑዋል መንዳት ትተዋል ማለት ይቻላል። አሮጌ ማኑዋል ኮሮላ ወይም ሲቪክ ለሽያጭ ሲወጣ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል። ከሀገር ቤት የመጣ ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በማኑዋል ነው፤ አይፈራውም። ርካሽ መኪና አገኘሁ ብሎ ይገዛል። ጥሩም ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ቀን ጠዋት ማርሹ አልገባም ያለ ዕለት ነው።

ባለፈው የበረዶ ወቅት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከሀገር ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ሻኮፒ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል። «ጋሼ፣ መኪናዬ አለቀላት» አለኝ። ማርሽ አልገባ ሲለው እንደምንም ብሎ ጋራዥ ወስዷታል። ጋራዡ «ትራንስሚሽን» ብሎ የጻፈለት ዋጋ መኪናዋን ከገዛበት ይበልጣል። ሊጥላት ወስኗል። መኪና ለሱ ሥራ ማለት ነው፤ ሥራ ማለት ደግሞ ወር በገባ ቁጥር እናቱ የምትጠብቃት ብር ናት።

«ጋራዡ ስትደርስ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አልኩት።

«ትራንስሚሽኑ አልሠራም አለ አልኳቸው» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጋራዡን ለመውቀስ አልቸኩልም። ልጁ ትራንስሚሽን ተበላሸ ብሎ ገባ፤ እነሱም ለትራንስሚሽን ዋጋ አወጡ። ለሐኪም «ጉበቴ ተበላሽቷል» ብላችሁ ብትገቡ ስለ ጉበት ነው የሚያወራችሁ። «እዚህ ጋ ያመኛል፣ ስበላ ይብሳል» ብትሉት ግን ራሱ ይፈልጋል። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛ ጋራዥ ስንሄድ በሽታውን አንደብቅም፤ ስሙን ቀይረን ነው የምንናገረው። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ነገሩ የቋንቋም ጉዳይ ነው። የመኪና ቃሎቻችን ብዙዎቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ። ላዳ ራሷም የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት። አዲስ አበባ ጋራዥ ገብታችሁ «ፍሪሲዮኑ አይለቅም» ብትሉ የአሥራ አምስት ዓመቱ ረዳት ሳይቀር ይገባዋል። እዚህ ፍሪሲዮን የሚባል ቃል የለም። በዚያ ላይ እኛ «ማርሽ» ስንል ዘንጉንም፣ ጥርሱንም፣ ካምቢዮውንም ልንል እንችላለን። «ማርሽ አስቸገረኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ትራንስሚሽን ሆኖ ያርፋል። እዚህ ሀገር ደግሞ ትራንስሚሽን ውድ ቃል ነው። የኛ ፍሪሲዮን የነሱ ክላች ነው፤ የኛ ካምቢዮ የነሱ ትራንስሚሽን። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም አትርፋችኋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የምንለው ከባድ የብረት ሰሃን አለ፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል። ሸራው ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ሸራውን ቮላኖው ላይ በስፕሪንግ አጣብቆ የሚይዘው ፕሬሸር ፕሌት ነው። እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ሲነሳ ሁሉም አብረው ይዞራሉ፣ መኪናው ይሄዳል። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ስፕሪንጉን ይጫናል፣ ሸራው ይለቀቃል፣ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፣ እናንተ ማርሽ ትቀይራላችሁ። እንግዲህ ፍሪሲዮን ያለው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ መያዝና መልቀቅ። ሲታመምም ወይ መያዝ ያቅተዋል፣ ወይ መልቀቅ ያቅተዋል። ከነዚህ ውጭ የሚቀረው ጩኸትና መንቀጥቀጥ ነው።

መጀመሪያ መያዝ ሲያቅተው። ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ የዙር መቁጠሪያው ሽቅብ ይወጣል፣ መኪናው ግን ፍጥነት አይጨምርም። ይህ ቶሎ የሚታወቀው በከፍተኛ ማርሽና በዳገት ነው። ሀገር ቤት አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ያልታየ የፍሪሲዮን ድካም የለም። እዚህ ደግሞ ሴንት ፖል ውስጥ ራምዚ ሂልን ስትወጡ ይነግራችኋል። ሲብስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የመሰለ ሽታ ይመጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፊት ለፊታችሁም ኋላችሁም ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ የእግር ፍሬኑንም ርገጡ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ፔዳሉን ጨርሳችሁ ለቃችሁ ሞተሩ እየሠራ ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ይበቃል፤ ደጋግማችሁ ብትሞክሩ የቀረችውን ሸራ እናንተው ትጨርሷታላችሁ።

ይህ ሲሆን መጀመሪያ የምታዩት የፔዳሉን ልቅነት ነው። ፔዳሉ በእጅ ሲነካ ከላይ ትንሽ ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል። በተለይ እንደ ድሮዋ ቮልስ በካቦ የሚሠሩት ላይ ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ነው፤ ማስተካከያው የደቂቃ ሥራ ነው። ልቅነቱ ደህና ከሆነ ግን ሸራው አልቋል፣ ወይም የሞተር ዘይት ከኋላ አምልጦ ነክቶታል። ያኔ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ካምቢዮ ይወርዳል ማለት ካምቢዮ ይቀየራል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ወርዶ፣ ፍሪሲዮኑ ተቀይሮ፣ ያው ካምቢዮ ይመለሳል።

ቀጥሎ መልቀቅ ሲያቅተው። የልጁ ጉዳይ ይህ ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ፣ ማርሹ ግን አልገባም ይላል፤ የኋላ ማርሽ ሲሞከር ጥርስ ያፋጫል። ሰው ሁሉ ካምቢዮ ሞተ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ልጁን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ እንዲቀመጥ ነገርኩት። «ሞተሩን አጥፋ። አሁን ማርሾቹን ሁሉ አስገባቸው።» ሁሉም ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ገቡለት። «ዜሮ ላይ መልስ፣ ፍሬን ያዝ፣ አስነሳ። አሁን ሞክር።» አንድም አልገባም። ወገን፣ ይህን ፈተና በቃላችሁ ያዙት። ሞተር ጠፍቶ የሚገባ ማርሽ ሞተር ሲነሳ እምቢ ካለ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። ሞተር ጠፍቶም ተነሥቶም እኩል እምቢ ካለ ግን ችግሩ ከዘንጉ፣ ከማገናኛው ወይም ከካምቢዮው ይፈለጋል።

ከዚያ «ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አራት ጊዜ ርገጥና አሁን አስገባ» አልኩት። አንደኛ ማርሽ ገባለት! ይህ ሁለተኛው ፍንጭ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ከፔዳሉ ጀርባ ላይኛው ፓምፕ አለ፣ እነሱ ማስተር ሲሊንደር የሚሉት፤ ካምቢዮው አጠገብ ደግሞ ታችኛው ፓምፕ፣ ስሌቭ ሲሊንደር የሚሉት። ዘይት ሲያፈስ ወይም አየር ሲገባበት ፔዳሉ ይረገጣል እንጂ ግፊቱ ታች አይደርስም። ደጋግሞ ሲረገጥ ግፊቱ ለጊዜው ስለሚጠራቀም ይሠራል። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቢቀር ወይም እንደ ስፖንጅ ቢለሰልስ ነገሩ ያው ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ታችኛውን ፓምፕ የሚሸፍነውን ጎማ ገለጥ ሳደርገው ዘይት ጠብ አለ። አዲስ ፓምፕ ገዛን፣ አዲስ ዘይት ሞላን፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን አየሩን አስወጣን። «ርገጥ… ያዝ… ልቀቅ።» ካምቢዮውን ማንም አልነካውም። ሰኞ ማታ ሥራ ገባ።

ለጥንቃቄ ሁለት ነገር ልጨምር። የፍሪሲዮን ዘይት የፍሬን ዘይት ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ እንዲያውም ከአንድ ዕቃ ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ዘይቱ ከቀነሰ ጉዳዩ የማርሽ ብቻ ሳይሆን የፍሬንም ሊሆን ይችላል፤ ሞልቶ ዝም አይባልም። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ መኪኖች ታችኛው ፓምፕ የተቀመጠው ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ፓምፑ ርካሽ ቢሆንም ካምቢዮው ሳይወርድ አይደረስበትም። መካኒኩ ይህን ቢላችሁ እያታለላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛው ጩኸት ነው። መኪናውን ዜሮ ማርሽ ላይ አቁማችሁ፣ ሬዲዮ አጥፍታችሁ አዳምጡ። ጩኸቱ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው የሚጠረጠረው። በተቃራኒው እግራችሁን ስታነሱ እየጮኸ ስትረግጡ ዝም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው፤ ምክንያቱም ስትረግጡ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መዞሩን ያቆማል።

ይህ ፈተና መልካም ዜና ብቻ አያመጣም። ሴንት ፖል የምትኖር፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች የምትረዳ እህታችን ይህን ድምፅ አሰማችኝ፤ ስትረግጥ ዝም፣ ስትለቅ ጩኸት። ወዳጆቿ «ፍሪሲዮን ነው፣ ኪቱን ቀይሪ» ብለዋታል። እኔ ግን «እህቴ፣ ይሄ ካምቢዮ ነው የሚመስለኝ፤ ለፍሪሲዮን ገንዘብ አውጥተሽ ጩኸቱ ባለበት ቢቀር ታዝኛለሽ» አልኳት። ካምቢዮ የሚያውቅ ሰው አይቶ ያንኑ አረጋገጠላት። አስባ አስባ፣ ችግሩን ለገዢው ፊት ለፊት ነግራ በቅናሽ ሸጠቻት። ገንዘብ አላተረፈችም፤ ግን ሁለት ጊዜ አልከሰረችም።

አራተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ስትነሱ መኪናው እንደ አህያ ከዘለለ፣ ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም ቮላኖው በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎች አሳዩ። የተበጠሰ የሞተር ጎማ ልክ እንደ ፍሪሲዮን ያስዘልላል፤ ለመቀየርም በጣም ይቀላል።

አሁን ወደ ሚኒሶታ ብርድ እንምጣ። እዚህ ያለ ሰው ጃንዋሪ 30 ቀን 2019ን አይረሳም። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ወርዶ ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደል ያቆመበት ዕለት ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ የካምቢዮ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ማርሹ ከድንጋይ የተሠራ ይመስላል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። መኪናው ትንሽ ሄዶ ሲሞቅ ከለሰለሰ ተጠያቂው ብርዱ ነው። ሞቆም ካልተሻለው፣ ወይም በበጋም ያው ከሆነ ያኔ መርምሩ። በየካቲት ጠዋት ብቻ በሚታይ ችግር ፍሪሲዮን አታስቀይሩ።

ደግሞ በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ መኪናን አንደኛና የኋላ ማርሽ እያፈራረቁ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ እያጓሩ ለማውጣት የሚታገል ወንድም አለ። ሸራ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። አካፋ በ20 ዶላር ይገዛል፤ ቆፍሩ፣ ከጎማው ሥር አሸዋ በትኑ። ማርሽ የማይገባ መኪና ይዛችሁ ደግሞ እስከ ስኖው ኢመርጀንሲ አትቆዩ። ሚኒያፖሊስም ሴንት ፖልም መንገድ ሲጠርጉ ያልተነሣ መኪና ይቀጣል፣ ይጎተታል። «ማርሽ አልገባ ብሎኝ ነው» ማለት ከቅጣቱ ያድናል ብላችሁ አትመኑ።

በመጨረሻ ጋራዥ ስትሄዱ። የክፍሉን ስም ሳይሆን ያያችሁትን ተናገሩ። «ትራንስሚሽን ተበላሸ» አትበሉ። «ሞተር ሲጠፋ ሁሉም ማርሽ ይገባል፣ ሲነሳ አይገባም፣ ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጥ ይሻላል» በሉ። ወይም «በአምስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጥ ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም» በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሁለት ቃል ይበቃል። መያዝ ካቃተው ክላቹ «ስሊፕ» ያደርጋል፣ መልቀቅ ካቃተው «ሪሊስ» አያደርግም። እንዲህ ብሎ የገባን ሰው መካኒኩ በሌላ ዓይን ያየዋል። ማኑዋል ነድቶ የማያውቅ ወጣት መካኒክ ካጋጠማችሁም የት መፈለግ እንዳለበት አሳያችሁት ማለት ነው።

መብታችሁንም እወቁ። ሚኒሶታ ውስጥ ትሩዝ ኢን ሪፔርስ አክት የሚባል ሕግ አለ። ከ100 ዶላር በላይ ለሚሆን የተለመደ የመኪና ጥገና ሥራው ሳይጀመር የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። በጽሑፍ ከተሰጣችሁ በኋላ እናንተ ሳትፈቅዱ ከዚያ ላይ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር አይችሉም። ሥራውን ስትፈቅዱ አስቀድማችሁ ከጠየቃችሁ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ማየት ወይም መውሰድ ትችላላችሁ። ሸራው አልቋል ከተባለ ሸራውን እዩት፤ ያለቀ ሸራ ከምስማሩ ጋር እኩል ሆኖ ያስታውቃል።

ካምቢዮው ከወረደ ደግሞ እጅ አትሰስቱ። ትልቁ ወጪ ማውረድና መስቀሉ ነው፤ ዕቃው አይደለም። ሸራውን፣ ፕሬሸር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይሩ፣ ቮላኖውን አስመርምሩ፣ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያፈስ ካለ ያኔውኑ አስዘጉ። ኩሽኔታ ቆጥቦ ከስድስት ወር በኋላ ለማውረጃ እንደገና የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ይኸው ነው። ሞተር አጥፍቶ መሞከር፣ አስነሥቶ መሞከር፣ ፔዳል ደጋግሞ መርገጥ፣ ጆሮ ጥሎ ማዳመጥ። አንድም ብር አያስወጣም፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አሮጌ መኪና ይዞ ሌሊት ሥራ የሚገባ ዘመድ ያላችሁ ይህን አድርሱለት። የተለየ ምልክት የሚያሳይ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ መኪናው ምን እንደሚል እንጂ ጎረቤት ምን እንዳለ እንዳትጽፉ። ተራዬ ደርሷል፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው። ቸር ሰንብቱ።